የግቢ ወጪ የሚወሰነው ችግኝ በሚመረጥበት ቀን ነው

ሰሞኑን ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ግቢ ማስዋብ በርትቷል። ኮሪደር ልማቱ የመንገድ ዳሩን አረንጓዴ እያደረገ ነው። ሆቴሎች፣ ባንኮች፣ ፋብሪካዎችና የግል ሆስፒታሎችም ደጃቸውን ማሳመር ይዘዋል፤ ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ግቢያቸውን እንደ አዲስ ያለሙም አሉ። ደስ ይላል። ግን ከተተከለ በኋላ ስለሚመጣው ወጪ የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው። ውሃው፣ የማጨጃው ቤንዚን፣ በየወሩ የሚከረከመው አጥር፣ ደርቆ በየዓመቱ የሚተካው አበባ፣ ይሄ ሁሉ አንዴ ተከፍሎ አያልቅም። ግቢው እስካለ ድረስ ይከፈላል።

ሂሳቡ ሲበዛ ብዙ ሥራ አስኪያጅ መጀመሪያ የሚያየው አትክልተኛውን ነው። "ውሃ ያባክናል"፣ "ሰው በዝቷል" ይባላል። እኔ ግን ወጪው የሚወሰነው ገና ችግኝ ሲመረጥ ነው ባይ ነኝ። የማይሆን ተክል የማይሆን ቦታ ላይ ከገባ፣ የፈለገ ጎበዝ አትክልተኛ ቢቀጠር ሂሳቡን አያወርደውም። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ከሳሩ እንጀምር፣ ትልቁ ሂሳብ ያለው እዚያ ነው። አንድ ሚሊሜትር ውሃ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ነው። በበጋ ፀሐይ አረንጓዴ እንደሆነ እንዲቆይ የሚፈለግ ሳር በቀን 4 ሚሊሜትር ገደማ ይጠጣል። ስለዚህ 1000 ካሬ ሳር ያለው ሆቴል በቀን 4000 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉትን 4 ወራት ብቻ ብንወስድ 480 ሜትር ኩብ ነው፤ 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ቢመጣ 48 ቦቴ ማለት ነው። ይሄ ጠብታም ሳይባክን ነው። በጎማ ሲጠጣ ኮብልስቶኑ ላይ የሚፈሰውና በቀትር ተንኖ የሚጠፋው ገና አልተቆጠረም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ጎረቤት ጀሪካን ደርድሮ ተራ እየጠበቀ፣ ይህን ያህል ውሃ ማንም ለማይረግጠው ሳር ማፍሰስ ከገንዘቡም በላይ ሊያሳስበን ይገባል።

ዝናብ የለም ማለቴ አይደለም። ኮምቦልቻ በዓመት 1000 ሚሊሜትር ገደማ ታገኛለች፣ ደሴ ከዚያ በለጥ ይልላታል። ችግሩ አመጣጡ ነው። ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይጠበቃል፤ አንዳንዱ ዓመት ይመጣል፣ አንዳንዱ ዓመት ይቀራል። ሳር ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ያስወጣል። በክረምት እንደ ጉድ ያድግና በየሳምንቱ ካልታጨደ ግቢው ጫካ ይመስላል። በበጋ ካልጠጣ ይገረጣል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የቤንዚኑም፣ የማጨጃ ማሽኑ መለዋወጫም ዋጋ የት እንደደረሰ የሚከፍለው ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን ሳልክድ ላስቀምጥ። ሆቴሎች ሳር የሚፈልጉት በምክንያት ነው። የሠርግ ወር ጥር ነው፣ ጥር ደግሞ በጋው የጠናበት ጊዜ ነው። ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱት፣ ድንኳን የሚተከለው አረንጓዴ መስክ ላይ ነው። ያ ሳር ብዙ በሚጠጣበት ወር ገንዘብ ያመጣል። እንዲህ ያለው ይቀመጥ፣ ይጠጣም። እኔ የምለው ስለቀረው ነው፦ በመኪና ማቆሚያና በግንብ መካከል ስላለው አንድ ሜትር ስፋት ሳር፣ ከጄኔሬተሩ ጀርባ ስላለው፣ ማንም ስለማይቀመጥበት ተዳፋት። ከ1000 ካሬው እውነት ሰው የሚቆምበት 300 ካሬ ከሆነ፣ የቀረውን 700 ካሬ በቁጥቋጦና በመሬት ሸፋኝ ተክል መተካት ከ48ቱ ቦቴ ከ30 በላይ የሚሆነውን በጊዜ ሂደት ሊያስቀር ይችላል። ማጨዱም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ለሚቀረው ሳር ደግሞ ዓይነቱ ወሳኝ ነው። ለኮምቦልቻ ሰርዶ ይስማማል። ገበሬው እንደ አረም የሚጠላው ያው ሰርዶ ማለቴ ነው፤ ሙቀት ይችላል፣ መረገጥ ይችላል፣ ድርቅ ሲመጣ ከላይ ይሞትና ከሥር ይተኛል፣ ውሃ ሲያገኝ ይነሳል። ጥላ ግን አይወድም፤ ዛፍ ሥር ከተተከለ ይሳሳል። ለደሴ ብርድ ኪኩዩ የሚባለው ሳር ይሻላል። የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ስለሆነ ከፍታው አያስደነግጠውም፤ ውሃ ግን ከሰርዶ ይልቅ ይፈልጋል፣ በክረምትም አበባ መደቡን ሳይቀር ይወርራል። ስለዚህ ዳሩ በድንጋይ ወይም በጡብ ይታጠር፤ አለበለዚያ አትክልተኛው ዓመቱን ሙሉ ኪኩዩ ሲነቅል ይኖራል። ለሁለቱም ሳሮች የሚሠራ አንድ ልማድ አለ፤ ከቁመቱ ከሢሶ በላይ በአንዴ አለማጨድ። በጣም ዝቅ ብሎ የታጨደ ሳር ሥሩ ያጥራል፣ ቶሎ ይጠማል።

አሁን ወደ ከፍታው ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ይህን ባለማየት ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1850 ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ማለቅ ነው። ግን በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚለዋወጥ በሁለቱ ከተሞች መካከል 4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ለተክል 4 ዲግሪ ትልቅ ነገር ነው። ደሴ ዙሪያ፣ በተለይ ቀዝቃዛ አየር በሚተኛበት ሜዳማ ቦታ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ይጥላል። ኮምቦልቻ ላይ የሚያድግ ለስላሳ ተክል እዚያ በአንድ ሌሊት ይቃጠላል። ሆኖም ሁለቱም ከተማ ላይ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ብዙ ጊዜ አንድ የችግኝ ዝርዝር ለሁለቱም ይልካል። ዝርዝሩ ራሱ አንዳንዴ አዲስ አበባ ካለ ዲዛይነር የመጣ ነው፣ ዲዛይነሩም ከሌላ አገር ፎቶ ላይ የወሰደው ነው።

ቢጫው ዱራንታ ጥሩ ምሳሌ ነው። የትም ቦታ አጥር ሲባል እሱ ነው የሚመጣው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ርካሽ ነው፣ ችግኝ ጣቢያው ሁሉ አለው። ግን ቶሎ ማደጉ ለገዢው ዕዳ ነው። 200 ሜትር አጥር ሁለት ጎኑና አናቱ ሲቆጠር 600 ሜትር የመቀስ ሥራ ነው። በዓመት 8 ጊዜ ከተከረከመ 4800 ሜትር ይሆናል። በዓመት ሁለቴ ብቻ የሚበቃው ተክል ቢሆን 1200 ሜትር። ውርጭም አይችልም። ፍሬው ደግሞ መርዛማ ስለሆነ ልጆች ለሚውሉበት ግቢ፣ ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታል አልመክረውም።

በእሱ ምትክ ምን ይተከል ቢባል እኔ መጀመሪያ የምጠራው አደስን ነው። ወሎ ውስጥ አደስን የማያውቅ የለም፤ ቅቤ ይቀመማል፣ ፀጉር ይቀባል፣ ገበያ ላይ ይሸጣል። ከዚህ አልፎ ግን በሜድትራኒያን አገሮች ለዘመናት ለተከረከመ አጥር ከሚመረጡት ተክሎች አንዱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይረግፍም፣ ነጭ አበባ ያወጣል፣ ሲነኩት ይሸታል፣ ሥር ከሰደደ በኋላ ድርቅ ይችላል። ዝግ ብሎ ስለሚያድግ መቀስ አያበዛም። እርግጥ አጥር ሆኖ እስኪዘጋ ጥቂት ዓመት ያስጠብቃል፤ ለሚጣደፍ ሰው አይሆንም። የሚከረከመው ቅጠል ደግሞ ቆሻሻ አይደለም፣ ገዢ አለው። ይሄን የመሰለ ተክል በእጃችን እያለ ግቢያችንን በዱራንታ መሙላታችን ይቆጨኛል።

የጥብስ ቅጠልም እንዲሁ ነው። በፀሐይ ቦታ ላይ ለዝቅተኛ አጥር ይሆናል፣ ሰማያዊ አበባው ንብ ይጠራል፣ ውሃ አያስቸግርም፣ የሆቴሉ ወጥ ቤትም ከደጁ ይቆርጣል። አንድ ጠላት ብቻ አለው፤ የቆመ ውሃ። ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ሜዳ ላይ ያለው ጥቁሩ ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ያቁራል። እንዲህ ባለ መሬት የጥብስ ቅጠል ያለ ከፍታ ከተተከለ ሥሩ በስብሶ ይሞታል፣ ከዚያ "ይሄ ተክል አይሆንም" ይባላል። መደቡን በድንጋይ ከፍ አድርጎ አፈሩን ከአሸዋና ከኮምፖስት ጋር ማደባለቅ ነው መፍትሔው።

ክትክታን ብዙ ሰው እንደ ዱር ነገር ነው የሚያየው። ለመንገድ ዳርና ለፋብሪካ አጥር ግን እሱን የሚስተካከል አላውቅም። ድንጋያማ መሬት ላይ ይበቅላል፣ ድርቁን ይችላል፣ ሲከረከም ይደፍናል፣ ቀላ ያለ የፍሬ ክንፉ ያምራል። ከሁሉም በላይ ፍየል አይወደውም። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ልቅ ከብትና ፍየል በሚዘዋወርበት ጎዳና ላይ የተተከለ ለስላሳ ችግኝ ዕድሜው አጭር ነው። ድርጅቱ በየዓመቱ ይተካል፣ ፍየሉ በየዓመቱ ይበላል። እሬትም በዚህ በኩል ይረዳል፤ ቅጠሉ መራራ፣ ጠርዙ እሾህ፣ አበባው ደግሞ ደማቅ ነው፣ ውሃም አይለምንም።

ዛፍ ላይ ስንመጣ ጥያቄው "ስንት ሜትር ይደርሳል?" የሚለው ነው። ይህን ሳይጠይቁ መትከል የዕድሜ ልክ የመቁረጫ ውል መፈረም ነው። ግራቪሊያ ሲተከል የእርሳስ ያህል ነው፣ ሲያድግ ግን 20 ሜትር ያልፋል። ከመብራት መስመር ሥር ከተተከለ በየዓመቱ አናቱ ይቆረጣል፣ የተቆረጠው ቦታ ላይ ደካማ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ እሱ ደግሞ በነፋስ ይሰበራል። ዋርካና ዘመዶቹ ከግንብ፣ ከቧንቧና ከሴፕቲክ ታንክ አጠገብ ከተተከሉ የሚያስወጡት ከአትክልት በጀት ሳይሆን ከግንባታ በጀት ነው። ባህር ዛፍን ለግቢ ውስጥ አልጠቅሰውም እንኳ።

ወይራ ለሁለቱም ከተማ ይሆናል። ዝግ ይላል፣ ያ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አለ፣ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ድርቅ ይችላል። ለደሴ ኮሶና የሐበሻ ጥድ አሉ፤ ኮሶ ሰፊ ግቢ ካለ ቀይ አበባውን ሲያንዠረግግ የሚያህለው የለም። ለኮምቦልቻ ዋንዛ ጥሩ ጥላ ነው፣ ነጭ አበባውም ያምራል። ግን ፍሬው የሚያጣብቅ ስለሆነ መኪና ማቆሚያ ላይ አትትከሉት፤ ደንበኛው መኪናውን በጥላው ያቆማል፣ ሲወጣ ጣሪያው ተለጥፎበት ያገኛል፣ ዘበኛውም ሲያጥብ ይውላል። ዋንዛ ወደ መናፈሻው ጥግ ይሂድ፣ ማቆሚያው ወይራ ያግኝ።

በነገራችን ላይ "አገር በቀል ብቻ ይተከል" የሚለውን ሙሉ በሙሉ አልቀበልም። ቦገንቪላ ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ ኮምቦልቻ ግንብ ላይ ያለ ውሃ ሲያብብ ይከርማል፤ የጥብስ ቅጠልም እንግዳ ነው። መለኪያው ምን ያህል ያስወጣል፣ ከግቢው ወጥቶስ ይዛመታል ወይ የሚለው ይሁን። በዚህ መለኪያ የወፍ ቆሎ (ላንታና) መውደቅ አለበት። አበባው ያምራል፣ ድርቁን ይችላል፣ አንዳንድ ሰው ለአጥር ይተክለዋል። ግን ወፍ ፍሬውን በልታ በየግጦሹ ትዘራዋለች፣ ከብትም ይመርዛል። የእኛን የአጥር ወጪ ቀንሶ የገበሬውን ማሳ የሚወርር ተክል ቁጠባ ሊባል አይችልም።

ደሴ ላይ የተለየ ጉዳይ ተዳፋቱ ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ስለሆነች ለጥ ያለ ግቢ ማግኘት ከባድ ነው። ተዳፋት ላይ የተነጠፈ ሳር ውሃውን ሳይጠጣው ወደ ታች ይሸኘዋል፣ ማጨጃውን ለሚገፋውም አደገኛ ነው። መሬት የመንሸራተት ጠባይ ባለበት ቦታ ደግሞ በየቀኑ ውሃ ማጠጣት አፈሩን ያከብደዋል። እዚህ እርከን ይሠራና ሥሩ ጠለቅ የሚል ቁጥቋጦ ይተከል፤ ክትክታ፣ ቀጋ፣ ቢጫ አበባ ያለው አምጃ። በድንጋዩ መካከል ፀሐይ ካለ ጦስኝ ይገባል፣ ደጋ የለመደ ነው። አይታጨድም፣ ሥር ከሰደደ በኋላም እምብዛም አይጠጣም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ "እንግዲያው ነገ ውሃ እዘጋለሁ" የሚል ካለ ይቆይ። ድርቅ ይችላል የሚባል ተክል ድርቅ የሚችለው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። ወይራም ሆነ አደስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች መጠጣት አለበት፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሳይሆን አልፎ አልፎ በደንብ፣ ሥሩ ወደ ታች እንዲከተል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ላይቀንስ ይችላል፣ ቁጠባው በደንብ የሚታየው ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ነው። ሥሩ ዙሪያ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ገለባ፣ የታጨደ ሳር ወይም የተከተፈ ቅርንጫፍ ማልበስም ውሃውን ያቆያል፣ አረሙንም ያፍናል። ግንዱን እንዳይነካ ብቻ። ባዶ የተተወ መሬት ላይ ቅንጬ አረም እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ አጭር ነው፣ እሱን መንቀል ደግሞ ሌላ የቀን ሠራተኛ ነው።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ የሚታወቅ ነገር ከሆነ ለምን አይደረግም? በእኔ እይታ ጥፋቱ ውሉ ላይ ነው። ጨረታውን የሚያሸንፈው ብዙ ችግኝ በርካሽ የሚተክል ነው። ክፍያው በተተከለው ቁጥር ነው፣ ስለዚህ ኮንትራክተሩ ያጠጋጋል፣ ለምረቃ ቀን ጥቅጥቅ ብሎ እንዲታይ። በሁለተኛው ዓመት ተክሎቹ ይጣበቃሉ፣ ይሻማሉ፣ ግማሹ ይነቀላል። ያን ጊዜ ኮንትራክተሩ ሄዷል። ውሃውን የሚከፍለው ሌላ ክፍል ነው፣ ችግኙን የመረጠው ሌላ ክፍል። ሐምሌ 2009 እንደተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለ ሰፊ ይዞታ ላይ ደግሞ የምርጫው ውጤት በሄክታር ይባዛል። አንድ ሄክታር ሳር በበጋ በቀን 40 ሜትር ኩብ ውሃ ነው።

ለዚህ የጨረታ ሰነዱ ላይ ጥቂት ነገር ቢጨመር ብዙ ይለወጣል። ተጫራቹ የተከላውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የ5 ዓመት የእንክብካቤ ግምቱንም ያቅርብ፤ ውሃ በሜትር ኩብ፣ ክርከማ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሆነ ጭምር። የእያንዳንዱ ተክል ሙሉ ቁመትና ስፋት ይጻፍ። ከክፍያው የተወሰነው ተይዞ ከሁለት በጋ በኋላ በቆመው ተክል ልክ ይከፈል። ያኔ ርካሽ የሚመስለው ዱራንታና ሰፊው ሳር ውድ ሆነው ይታያሉ፣ ውድ የሚመስለው ወይራ ርካሽ።

አትክልተኞችስ? ሥራ ያጣሉ የሚል ስጋት ሲነሳ እሰማለሁ፣ ተገቢም ስጋት ነው። ግን የሚቀነሰው ዋናው ወጪ ቦቴው፣ ቤንዚኑና በየዓመቱ የሚገዛው ምትክ ችግኝ ነው። ጎማ ይዞ ሲቆም የሚውል ሰው ኮምፖስት ቢያዘጋጅ፣ በወጉ መግረዝ ቢማር፣ የድርጅቱን ችግኝ እዚያው ግቢ ቢያፈላ፣ ለድርጅቱም ለራሱም ይጠቅማል። ሙያ ያለው አትክልተኛ ደግሞ የተሻለ ደመወዝ መጠየቅ ይችላል። ከሚቆጠበው ላይ የተወሰነው ወደ እሱ ቢሄድ ፍትሕ ነው።

የቀረው የችግኝ ጉዳይ ነው። አደስ፣ ወይራ፣ ክትክታ ሲባል "ከየት ይመጣል?" ይባላል፣ እውነትም ችግኝ ጣቢያዎች በብዛት የሚያፈሉት ቶሎ የሚሸጠውን ነው። ወይራ የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይበቅልም፤ ቅርፊቱ በጥንቃቄ ሲሰነጠቅ ነው የሚሻሻለው። ይህን ለማድረግ ችግኝ አፍይው ገዢ እንዳለው ማወቅ አለበት። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሄዶ 500 ወይራ መጠየቅ አያዋጣም። ቀድሞ፣ ቢቻል ከዓመት በፊት፣ ቀብድ ተከፍሎ ውል መያዝ አለበት። ሆቴሎቹ፣ ባንኮቹና ፋብሪካዎቹ ተነጋግረው አብረው ቢያዙ ደግሞ ለአፍይው ያዋጣዋል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ተከላው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ቢያልቅ ችግኙ ሁለት ወር ያህል ሙሉ ዝናብ ጠጥቶ ወደ በጋው ይገባል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለው ግን ሥር ሳይዝ ፀሐዩ ይደርስበታል፣ በጋውንም በቦቴ ነው የሚያልፈው።